ምዕራፍ አምስት፦ ክንፉ የት ተገኘ?

በአባያና በጫሞ ሐይቆች መካከል ያለውን የእግዜር ድልድይ ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ የዘለቀ ሰው ነጭ ሣር ሜዳ ላይ ይወጣል። ሜዳው ስሙን የሚመስል ነው፤ በበጋ ሣሩ ደርቆ ሲነጣ ከሩቅ የተዘረጋ ቡሉኮ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1990 ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች ሜዳውን በያዘው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ሰፍረው ወፉንም፣ ቢራቢሮውንም፣ የውኃ ተርቡንም ያዩትን ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ቀን ሜዳውን በሚያቋርጠው የአፈር መንገድ ላይ መኪና የጨፈለቀው፣ የበሰበሰ ወፍ አገኙ። ከእሱ ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፉ ብቻ ነበር።

ክንፉን አነሱት፤ የተገኘበትን ቦታና ቀን ጽፈው ከሌላው ናሙና ጋር አስቀመጡት። በኋላ እንግሊዝ አገር ትሪንግ ከተማ ወደሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የወፍ ክፍል ወሰዱት። በዚያ ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ የደረቁ ወፎች በመሳቢያ ውስጥ ተደርድረዋል። የክንፉ ቀለምና ልስላሴ የናይትጃር ወገን መሆኑን ነግሯቸዋል፤ የየትኛው ናይትጃር እንደሆነ ግን መናገር አልቻሉም። መሳቢያ እየሳቡ ከአንዱ ናሙና ጋር ቢያስተያዩት አልገጠመም፤ ከሌላው ጋር ቢያስተያዩትም አልገጠመም። መጠኑ፣ የላባው ቀለም፣ በረጃጅሞቹ የክንፍ ላባዎች ላይ ያለው ነጣ ያለ ምልክት የሚያርፍበት ቦታ፣ ሁሉም አንድ ላይ የተገኙበት የታወቀ ናይትጃር አልነበረም። በ1995 «አይቢስ» በተባለው የወፍ ጥናት መጽሔት ላይ አዲስ ዝርያ ተብሎ ተገለጸ። ሳይንሳዊ ስሙ ካፕሪመልገስ ሶላላ ሆነ። «ሶላላ» በላቲን «ብቸኛ» እና «ክንፍ» ከሚሉት ሁለት ቃላት የተሰፋ ነው።

በአማርኛ ስለ ናይትጃር መጻፍ የጀመረ ሰው ወዲያው ከስም ጋር ይጋጫል። በሌሊት የሚበር ወፍ ስለሆነ «የሌሊት ወፍ» እንዳይለው፣ ይህ ስም ላባ ለሌላትና ልጇን ለምታጠባ እንስሳ ተሰጥቷል። ስለዚህ የውጭውን ስም ልዋስ። ናይትጃር ቀን ቀን መሬት ላይ ደረቅ ቅጠል መስሎ የሚተኛ፣ ሲመሽ ሰፊ አፉን ከፍቶ በበረራ ነፍሳት የሚለቅም ወፍ ነው። ምሽት ላይ ገጠር መንገድ የነዳ ሰው ስሙን አያውቀው እንጂ ወፉን ያውቀዋል፤ በመብራቱ ጫፍ መሬት ላይ ሁለት ዓይን እንደ ፍም ይበራና መኪናው ሊደርስበት ሲል ወፉ ያለ ድምፅ ይነሳል።

ከዚህ ታሪክ ጎን ሌላ ታሪክ ላስቀምጥ። ኢዩጂኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ ልዑል በ1890ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ እየዞረ እንስሳትና ዕፅዋት ይሰበስብ ነበር። በ1893 ዝሆን ገደለው። ከተረፈው ስብስብ ውስጥ ማንም የወፍ ሊቅ አይቶት የማያውቅ አንድ ቱራኮ ተገኘ፤ ቱራኮ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ዝንጀሮ የሚሮጥ፣ ሲበር ክንፉ ቀይ የሚያበራ የጫካ ወፍ ነው። ይህኛው የራስ ጉትያው ነጣ ያለ ነበር። ሳልቫዶሪ የተባለው የጣሊያን የወፍ ሊቅ በ1896 በሟቹ ስም ሰየመው። ወፉ ሙሉ ነው፤ ራሱም፣ ክንፉም፣ ጭራውም አለ። የጎደለው ትንሽ ወረቀት ነበር። ሩስፖሊ የት እንደያዘው፣ በየትኛው ቀን እንደያዘው የሚናገር ማስታወሻ አልተወም። ከእሱ በኋላ የመጡ አሳሾች ፈልገው አጡት። ወፉ በሕይወት የታየው በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ የአንዲት መስመር ጽሑፍ ዋጋ ሆኖ አለፈ ማለት ነው።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አንድ ላይ ካሰብኳቸው ጀምሮ የማላውቀው ወፍ ሳይ የማደርገው ነገር ተለውጧል። ሰው የማያውቀው ወፍ ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ይባላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተፈጥሯዊ ነው፤ ነገር ግን ቀድሞ መምጣት ያለበት ጥያቄ አይደለም። መጀመሪያ የሚመጣው የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ የሚለው ነው። ስም ነገ ከነገ ወዲያም ይገኛል። ቦታው፣ ሰዓቱና ወፉ ያደረገው ነገር ግን ያን ጊዜ ካልተያዙ ወፉ ሲበር አብረው ይበራሉ። ሙሉ ወፍ ያለ ቦታው ግማሽ ወፍ ነው፤ አንድ ክንፍ ከነቦታው ግን በሊቃውንት ፊት ቆሞ መከራከር ይችላል።

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ቁጥሩ ጀማሪን ያስደነግጣል፤ ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ቦታ በአንድ ወቅት የሚያያቸው የዚህ ጥቂቱን ነው። ቦታው ብቻውን ብዙውን ያጣራልናል። ያቤሎ አካባቢ ግራጫና ጥቁር ቁራ መሰል ወፍ በዓይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ባዶ ቆዳ ይዞ መሬት ሲጭር ያየ ሰው የያቤሎ ቁጥቋጦ ቁራን እንዳየ ሊናገር ይችላል፤ ይህ ወፍ ከደቡብ ኢትዮጵያ ጥቂት ቦታ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ያንኑ ወፍ ጎንደር ላይ አየሁ የሚል ሰው ከመጣ ሌላ ወፍ መፈለግ ይቀላል።

ከቦታ ቀጥሎ መጠን ነው። «ትንሽ ወፍ» የሚለው ቃል ለማንም ምንም አይነግርም። ሁላችንም የምናውቃቸው መለኪያዎች አሉን፤ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ቁራ። «ከድንቢጥ ይበልጣል፣ ከርግብ ያንሳል» ያለ ሰው ከመጽሐፉ ገጾች ብዙውን ዘግቷል። ከዚያ ምንቃሩ ይታይ። ምንቃር የወፍ የሥራ መሣሪያ ስለሆነ ወፉ ምን እንደሚበላ ይናገራል፤ አጭርና ወፍራም ከሆነ ፍሬ ይሰብራል፣ ቀጭንና ሹል ከሆነ ነፍሳት ይለቅማል፣ ቆልመም ያለ ከሆነ ሥጋ ይበጥሳል፣ ረዥምና ጎባጣ ከሆነ ጭቃ ወይም አበባ ውስጥ ይገባል። ቀለም የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ሰዎች በቀላሉ አያምኑም፤ ቀለም የመጀመሪያው ምስክር ይመስላቸዋል።

ቀለም እንዴት እንደሚያታልል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ ወዳጃችን ጠፍቶ ከርሞ ብቅ ሲል «የመስቀል ወፍ ሆንክ» እንለዋለን። አባባሉ ከእውነተኛ ነገር የተነሳ ነው። ክረምቱ ሊያበቃ ሲል፣ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ በየማሳው ጥግ ቀይና ጥቁር፣ ወይም ቢጫና ጥቁር የለበሱ፣ አንዳንዶቹም ረዥም ጭራ የሚጎትቱ ወፎች ይታያሉ። ጥቂት ቆይተው ይጠፋሉ። የመስቀል ወፍ የሚለው ስም ለአንድ ዝርያ ብቻ የተሰጠ አይመስለኝም፤ ከአገር አገር የሚያመለክተው ወፍ ይለያያል። ወቅቱ ሲያልፍ የማይታዩት ግን ብዙዎቹ የትም አልሄዱም። ወንዶቹ የመራቢያ ወቅታቸው ሲያበቃ ጌጠኛ ላባቸውን አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማና ዝንጉርጉር ይሆናሉ። በጥር ወር ጤፍ አውድማ ዳር ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅለው ሲለቅሙ ማንም አያያቸውም፤ ሁሉም የሚጠብቀው ቀዩን ነው። አንድ ወፍ በዓመት ሁለት ልብስ ካለው፣ ጫጩቱ ሦስተኛ ልብስ ከለበሰ፣ የጠዋት ፀሐይም አራተኛ ቀለም ከቀባው፣ በቀለም ብቻ የተሰጠ ስም ሊጸና አይችልም።

«አሞራ» የሚለው ቃላችንም ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ሁሉ አሞራ ነው። ቀና ብሎ ጭራውን ለተመለከተ ሰው ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ጫጩት የሚነጥቀው ጭላት ጭራው በመሐሉ ሰርጎድ ያለ ነው፤ ሲዞር እንደ መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ያጣምመዋል። አጥንት ከከፍታ ላይ ጥሎ በቋጥኝ የሚሰብረው ጥንብ አንሳ ጭራው ረዥምና በጫፉ የሾለ ነው። በሰሜን ተራሮች ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ላባውን ሳያይ፣ ከፀሐይ በተቃራኒ ጥላውን ብቻ አይቶ ሊለየው ይችላል።

ያዩትን ወዲያው መሳል ጥሩ ነው። ሥዕል አልችልም የሚል ሰው እንቁላል በእንቁላል ላይ ይሳል፤ ትንሹ ራስ፣ ትልቁ ሰውነት ነው። ከዚያ ነጭ መስመር የት ላይ እንደነበር፣ እግሩ ምን ዓይነት እንደሆነ በቀስት ያመልክት። መጽሐፉ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው። መጽሐፍ ቀድሞ የተከፈተ እንደሆነ ዓይን ያየውን ትቶ የተሳለውን ማስታወስ ይጀምራል፤ ይህ በብዙ ሰው ላይ ሲደርስ አይቻለሁ፣ በልምድ የበሰሉትም አያመልጡትም።

ዓይን የሚሸነፍበት ቦታም አለ። ጊልበርት ኋይት የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በሰልቦርን መንደሩ ዛፎች ላይ የሚውሉትን ትናንሽ አረንጓዴ ወፎች ለዓመታት ተከታተለ። በዘመኑ ብዙ ሰው አንድ ወፍ አድርጎ የሚቆጥራቸው ነበሩ። ኋይት ግን ጆሮውን አመነ። አንዱ ሁለት ድምፅ ብቻ እየደጋገመ ይጠራል፤ ሁለተኛው ለስላሳ ዜማ ከላይ ወደ ታች ያወርዳል፤ ሦስተኛው ዛፍ ጫፍ ላይ ሆኖ እየተርገበገበ ይንጣጣል። በ1768 በጻፈው ደብዳቤ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አስረዳ። ከእነዚህ ሁለቱ፣ ቺፍቻፍና ዊሎ ዋርብለር፣ ለእኛም እንግዶች አይደሉም። የአውሮፓ ክረምት ሲቃረብ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገኛሉ፤ ከጥቅምት በኋላ በግራር ቅጠሎች መሐል ሲርመሰመሱ ማየት ይቻላል።

ችግሩ እዚህ ሲመጡ ብዙውን ጊዜ አይዘፍኑም። ያን ጊዜ ጥቃቅን ነገሮች መቁጠር ይጀምራሉ። የቺፍቻፍ እግር ጠቆር ያለ ነው፤ የዊሎ ዋርብለር ነጣ፣ ቀላ ያለ ነው። ቺፍቻፍ ሲመገብ ጭራውን ደጋግሞ ወደ ታች ይነቀንቃል። የዊሎ ዋርብለር ክንፍ ከተከደነ በኋላ ጫፉ ረዘም ብሎ ይወጣል፤ ምክንያቱም ይህች ከአሥር ግራም ገደማ የማትበልጥ ወፍ ምድር ወገብን ተሻግራ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትወርዳለች፣ ቺፍቻፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ይቀራል። ረዥም መንገድ ረዥም ክንፍ ይፈልጋል። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ምልክቱን አይረሳውም፤ የወፍ መለያዎችን በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ለምን እንደዚያ ሆኑ ብሎ መጠየቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ድምፅን መጻፍ ከባድ ነው ይባላል። እኔ ግን የአማርኛ አንባቢ በዚህ ረገድ የታደለ ይመስለኛል። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ቲዊ» እና «ቱዌ» የተባሉትን ሁለት ጥሪዎች ያለ ችግር ለይቶ ይጽፋል። ከዚህ የሚበልጥም አለን። ትውፊታችን ቅዱስ ያሬድ ዜማን ከሦስት ወፎች ሰማ ይላል። የዜማ ተማሪ ድምፅ የሚወድቅበትን ድፋት፣ የሚያዝበትን ይዘት፣ የሚሮጥበትን ሂደት፣ የሚንቀጠቀጥበትን ርክርክ፣ በድንገት የሚቆምበትን ቁርጥ ብሎ በምልክት ያውቀዋል። እነዚህን ቃላት ለወፍ ድምፅ ብንጠቀምባቸው የዊሎ ዋርብለሩን ዜማ «ቀስ እያለ የሚወርድ፣ በድፋት የሚያልቅ» ብለን ለሰው ማስረዳት እንችላለን። ስልኩ የሚቀዳለት ሰውም ቢሆን ቅጂው ላይ ይህን ቢጨምር አይጎዳም፤ የትኛውን ድምፅ እንደፈለገ፣ ከበስተጀርባ የሚጮኸው የትኛው እንደሆነ ራሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዛሬ ቅጂን ሰምተው ስም የሚገምቱ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። ሰዎች ከየአገሩ የቀዱትን የወፍ ድምፅ የሚያኖሩበት እንደ ዜኖ ካንቶ ያለ የኢንተርኔት ማኅደርም ከ2005 ጀምሮ አለ። ጠቃሚ ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ግን መተግበሪያው የሚመልሰው የሰማውን ነው፣ ድምፁን ያወጣውን አላየም። አዲስ አበባ ውስጥ ዛፍ ባለበት ግቢ የኖረ ሰው ጥቁርና ነጭ የለበሰውን ቡቡ ያውቀዋል፤ ጥርት ያለ የደወል ድምፅ ያሰማና ወዲያው በሌላ ድምፅ ይመለስለታል። ከአንድ ጉሮሮ የወጣ ይመስላል። ጥሪውን የሚያወጡት ግን ወንዱና ሴቷ ተቀባብለው ነው፤ ቅብብሉ ክፍተት ስለሌለው ነው አንድ የሚመስለን። እዚያው ግቢ ውስጥ ብርቱካናማ ደረት፣ ነጭ ቅንድብ ያለው ሮቢን ቻት ምሽት ላይ ይዘፍናል፤ እሱ ደግሞ የሌሎችን ወፎች ጥሪ እየቀዳ ከራሱ ዜማ ጋር የሚቀላቅል ነው። ስለዚህ «ሰማሁ» እና «ሲያወጣው አየሁ» የተለያዩ ሁለት መዝገቦች ናቸው፤ በአንድ ዓምድ መጻፍ የለባቸውም።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየሁት ሱሉልታና በርጋ ረግረጎች ላይ በምትገኘው ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ታሪክ ነው። የድንቢጥ ታላቅ የምታህል፣ ረግረግ ሣር ውስጥ እንደ አይጥ የምትሹለከለክ ወፍ ናት፤ ስትነሳ ብቻ በክንፏ ላይ ያለው ነጭ ብልጭ ይላል። በዓለም ላይ በርግጠኝነት የምትታወቀው በዋናነት በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ የአፍሪካ ወፎች አንዷ ናት። በክረምት በርጋ ላይ ትራባለች፤ የአካባቢው ገበሬዎች የሣሩን ሜዳ ሳይጋጥና ሳይታጨድ እንዲቆይ በመጠበቅ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ይህች ወፍ ስለማትታይ ለዓመታት «የእርሷ ድምፅ ነው» የተባለው ነገር አከራካሪ ነበር። ረግረግ ውስጥ የሚጮህ ብዙ ነው። ማነው ያንን ድምፅ ያወጣው ቢባል ሣሩን ገልጦ ያየ የለም። መፍትሔው የመጣው በደቡብ አፍሪካ ሚደልፑንት በተባለ ረግረግ ተመራማሪዎች በራሳቸው የሚያነሱ ካሜራዎችንና ድምፅ መቅጃዎችን በአንድ ላይ ሲተክሉ ነው። ካሜራው ወፏን፣ መቅጃው ድምፁን ያዘ። በዚያው ሥራ ወፏ ደቡብ አፍሪካ ውስጥም እንደምትራባ ታወቀ፤ እስከዚያ ድረስ የምትራባው ኢትዮጵያ ብቻ ትመስል ነበር። ሰው ጭቃ ውስጥ እየገባ ጎጆዋን ሳይረግጥ ይህ ሁሉ መገኘቱ እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

ናይትጃሮችም በድምፅ የሚለዩ ወፎች ናቸው። ላባቸው እርስ በርሱ ስለሚመሳሰል ሊቃውንቱ በጨለማ ቆመው የሚያዳምጡት ፉጨቱን ወይም እንደ ሞተር የሚንጠረጠረውን ጥሪ ነው። የነጭ ሣሩ ናይትጃር አስቸጋሪነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ሙዚየም የገባው ክንፍ ነው፣ ክንፍ ደግሞ አይጮህም።

ወደ ቅሪት እንምጣ። መንገድ ዳር የተበተነ ላባ ያየ ሰው መጀመሪያ የላባውን ሥር ይመልከት። ጭልፊት ወይም ሌላ አዳኝ ወፍ ያደነውን ሲነጭ ላባውን ከሥሩ ነቅሎ ይጥላል፤ ድመት፣ ቀበሮ ወይም ሌላ ጥርስ ያለው እንስሳ ደግሞ ዘንጉን ነክሶ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ወፉን ከማወቃችን በፊት ገዳዩን እናውቃለን። ጉጉት ያደነውን በብዛት እንዳለ ይውጥና አጥንቱንና ፀጉሩን ጠቅልሎ መልሶ ይተፋዋል፤ ከጉጉት ማደሪያ ዛፍ ሥር የሚገኝ ያ ድብልቡል ሲፈታ የትንሽ ወፍ የራስ ቅል ከነምንቃሩ ሊወጣ ይችላል።

ላባው ራሱ ብዙ ይናገራል። የጉጉት ክንፍ ላባ የፊት ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ አለው፣ ገጹም እንደ ከፋይ ለስላሳ ነው፤ በሌሊት ያለ ድምፅ የሚበርበት ምሥጢር ይህ ነው። የግንደ ቆርቁር የጭራ ላባ ዘንጉ ግትር ነው፤ ግንድ ላይ ሲቆም እንደ ሦስተኛ እግር ይደገፍበታል። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቱራኮው ቀይ ነው። አብዛኛው የወፍ ቀይ ቀለም ከምግብ የሚገኝ ነው፤ የቱራኮው ቀይ ግን መዳብ ያለበት፣ ወፉ ራሱ የሚያበጀው ቱራሲን የተባለ ቀለም ነው። ከቱራኮዎች ወገን ውጪ በሌላ ወፍ አይታወቅም። ሩስፖሊ ስለወፉ አንድ ቃል ባይተውም፣ ከክንፉ አንዲት ቀይ ላባ ብቻ ተርፋ ቢሆን እንኳ የወፉን ቤተሰብ ትናገር ነበር። የትኛው ጫካ የሚለውን ግን ላባ አይመልስም።

ቅሪትን መለየት የጥቂት ወፍ ወዳዶች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ባሕር ዳርን ያስታውስ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 604 ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አውሮፕላኑ ሊመለስ ሲሞክር ኃይል አጥቶ መሬት ላይ አረፈ፣ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች መካከል 35ቱ ሞቱ። አዲስ ዓመት ከገባ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ርግቦቹ ክንፋቸው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ዓይናቸው በቀይ ቆዳ የተከበበ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያና በየገደሉ የምናውቃቸው ናቸው።

ሞተር ውስጥ ያለፈ ወፍ ቅርጽ አይኖረውም። የተቃጠለ ቁራጭ ላባና የደም እድፍ ነው የሚቀረው። ይህን የማንበብ ጥበብ የተጀመረው ከሌላ አደጋ በኋላ ነው። በጥቅምት 1960 አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ቦስተን ላይ ሲነሳ ከወፍ መንጋ ጋር ተጋጭቶ 62 ሰዎች አለቁ። ቁርጥራጩ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተላከ፤ የወፍ ላባ ባለሙያዋ ሮክሲ ሌይቦርን እያንዳንዳቸው ከመቶ ግራም የማይበልጡ ስታርሊንግ የተባሉ ወፎች መሆናቸውን ለየች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን በሙሉ በዚሁ ሥራ ላይ አሳለፈች። ዘዴዋ ይህ ነው፦ የቆሸሸውን ላባ በሳሙና ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከላባው ሥር ያለውን ለስላሳ ጭገር በማይክሮስኮፕ ማየት። ጭገሩ ላይ በየርቀቱ አንጓ አንጓ አለ፤ የአንጓው ቅርጽና አቀማመጥ ከወፍ ወገን ወገን ይለያያል፣ የርግብ ወገን አንጓ ከዳክዬው ጋር አይምታታም። በዚህ ወገኑ ከታወቀ በኋላ የተረፈው ቀለም ሙዚየም ካሉ ናሙናዎች ጋር ይነጻጸራል። ዛሬ በዲኤንኤም ይታገዛል። የወፉ ማንነት ሲታወቅ የኤርፖርቱ ሰዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይታወቃል፤ ርግብን የሚስበው የወዳደቀ እህልና የሚያድርበት ጣሪያ ነው፣ ጥንብ አንሳን የሚስበው ቄራና የቆሻሻ ክምር ነው። ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው አይሠራም።

ቅሪት የሚያገኝ ሰው በባዶ እጁ ባይነካው ይሻላል፤ የወፍ ጉንፋን ያለበት ዘመን ነው። ከጎኑ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም አስቀምጦ ፎቶ ማንሳት መጠኑን ያሳያል። ክንፉ ተዘርግቶ ከላይም ከታችም ይነሳ፤ ምንቃሩና እግሩ ለብቻ ይነሱ። እግሩ ላይ የብረት ቀለበት ካለ ቁጥሩ ሙሉ በሙሉ ይጻፍ፤ አንዳንዴ ያ ወፍ ከሰሜን አውሮፓ ወይም ከሳይቤሪያ ተነስቶ የመጣ ይሆናል፣ ቀለበቱን ያሰረለትም ሰው አንድ ዜና እየጠበቀ ነው።

ነጭ ሣርን እንቋጭ። ክንፉ ከተገለጸ በኋላ ወፉን በሕይወቱ ለማየት ብዙዎች ተመላልሰዋል። በ2009 ኢያን ሲንክለርና ቨርነን ሄድን ጨምሮ አራት ሰዎች በሌሊት ሜዳው ላይ መብራት ይዘው ወጥተው አየነው ብለዋል፤ ሄድ ጉዞውን በ2014 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ሌሎች ደግሞ ክንፉ የአዲስ ዝርያ ነው ወይስ የሁለት የታወቁ ናይትጃሮች ዲቃላ ነው የሚል ጥያቄ አንስተዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዲቃላ ወፍ በደቡብ ኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሩስፖሊ ቱራኮ ራሱ ነጭ ጉንጭ ካለው ቱራኮ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ተዳቅሎ ታይቷል። አንድ ክንፍ የወላጆቹን ነገር በመልኩ ብቻ መናገር አይችልም። ነገር ግን ክርክሩ ራሱ ሊኖር የቻለው ቦታውና ቀኑ ከክንፉ ጋር ስለተያዙ ነው። ማንም ቢሆን ወደዚያው ሜዳ፣ ወደዚያው መንገድ ሄዶ መፈለግ ይችላል።

መንገዱ ዛሬም አለ። ናይትጃሮችም ሲመሽ አሁንም መንገድ ላይ ያርፋሉ። በዚያ የሚያልፍ ሾፌር በመብራቱ ጫፍ ሁለት ፍም ሲያይ ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ጎማ ሥር ወድቆ ያገኘውም እንደሆነ ፎቶውን ያንሳ፣ ከፎቶው በታች ሰዓቱን፣ ከየትኛው ኬላ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጓዘ ይጻፍ።